ለሱንደር ቤት የተሠራው የሮቃ ሩዝ

እድሪስ አስመራ ተወልዶ፣ በአማርኛ ተምሮ፣ በካርቱም በኩል ፈረንጅ አገር ኦሮራ ከተማ የገባ ባለታክሲ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ አንዷን መኪና ከሱንደር ጋር እየተፈራረቁ ነዷት፤ እሱ ቀን፣ ሱንደር ማታ። ሱንደር ከደቡብ ህንድ የመጣ ዝምተኛ ሰው ነበር። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሎውሪ ሰፈር አጠገብ ቁልፍ ሲቀባበሉ ወሬያቸው ከጎማና ከነዳጅ አያልፍም። ምግብ ግን ይለዋወጡ ነበር። ሱንደር ሚስቱ ቪጃያ ሮቃ በሚባለው ኮምጣጣ ፍሬ የሠራችውን ሩዝ ይሰጠዋል፤ እድሪስ ደግሞ ሚስቱ ሓየት የጠበሰችውን የምስር ሳምቡሳ በፎጣ ጠቅልሎ ወንበሩ ላይ ይተውለታል። ሥጋ እንደማይበላ ያውቃል፤ ከዚያ ያለፈውን ጠይቆት አያውቅም።

እንደ ፈረንጆቹ በ1996 ክረምቱ ሳይወጣ ሱንደር በድንገት ልቡ ቆሞ ሞተ። በሦስተኛው ቀን እድሪስ ቪጃያን ሊጠይቅ ሲሄድ ምድጃዋ ላይ አንድም ድስት አልተጣደም ነበር።

«ከውሃ በቀር የሚወርድልኝ ነገር የለም» አለችው።

ለቅሶ ቤት ምግብ ሳያስገቡ መቅረት በእሱ አገር ነውር ነው። እንደምትበላው የሚያውቀው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው። ከሃቫና ስትሪት ሱቆች ሮቃ፣ ለውዝና ሰናፍጭ ገዝቶ ቤቱ ገባ።

«አንተ ልትሠራ?» ሓየት ሳቀች። «ሻይ እንኳ አፍልተህ ታውቃለህ?»

«ለጓደኛዬ ቤት ነው። በእጄ ልሥራው።»

ሮቃውን ዘፍዝፎ ጨመቀው፤ እርድና የደረቀ በርበሬ ጨምሮ እስኪወፍር አፈላው። ሓየት ከጀርባው ቆማለች።

«ሽንኩርቱስ?»

«በሱንደር ሩዝ ላይ አይቼ አላውቅም።»

«በስሎ ስለሚሟሟ ነዋ! ያለ ሽንኩርት ቁሌት አለ እንዴ? በሰው ቤት እንዳታዋርደኝ።»

ተሸነፈ። ሁለት ራስ ከተፈበት፤ ከበሰለው ሩዝ ጋር ለውሶ ድስቱን ይዞ ቪጃያ ቤት ሄደ።

ቪጃያ ክዳኑን ስታነሳ ፊቷ ፈካ አለ። ወዲያው ግን እጇን ሰበሰበች።

«እኛ ቤት ሽንኩርት አይገባም» አለች ዝግ ብላ። «ሃይማኖታችን ነው። ሱንደር በዕድሜው ቀምሶት አያውቅም።»

እድሪስ ክው አለ። የሓየት ሳምቡሳ እኮ ግማሹ ሽንኩርት ነው። ሦስት ዓመት!

«እህቴ፣ ታዲያ ሳምቡሳዬን ምን ያደርገው ነበር?»

«የምን ሳምቡሳ?»

ነገራት። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ሌሊት ሲገባ ሳያናግረኝ በፊት ጥርሱን ይቦርሽ ነበር። ሲጋራ የጀመረ መሰለኝ። ኪሱን እፈትሻለሁ፣ ኮቱን አሸታለሁ። ‹አላጨስም› ይለኛል፤ ሌላ ቃል አይወጣውም። የሞተ ዕለትም በዚሁ ተኳርፈን ነው የወጣው።»

እድሪስ የሚገባበት ጠፋው። «ይቅርታ፣ አላወቅኩም። ልውሰደውና ያለ ሽንኩርት ሠርቼ ላምጣው» ብሎ የድስቱን ጆሮ ያዘ። ቪጃያ ሌላውን ጆሮ ያዘች።

«ተወው።»

ትንሽ ጨለፈችና ሽንኩርቱን አንድ በአንድ እየለቀመች ወደ ሰሃኑ ዳር አወጣች። መሐል ላይ ቀና አለች።

«እሱ ይለቅመው ነበር?»

«ጧት መኪናዋን ስረከብ ፎጣው ላይ ከፍርፋሪ በቀር ያገኘሁት የለም፤ አንዲት የሽንኩርት ቁራጭ እንኳ።»

ቪጃያ መልቀሟን ተወች። ከነሽንኩርቱ በእጇ ሁለት ጊዜ ጎረሰች። ሦስተኛውን አፏ ሳታደርስ እንባዋ ሰሃኑ ላይ ወረደ። እድሪስ «አይዞሽ፣ ብዪ» ብሎ ውሃ ቀዳላት።