ዳገት ላይ የቀረው ስለት

ወሬው የደረሰኝ ድሬዳዋ፣ በረንዳዬ ላይ ሽንብራ እየለቀምኩ ሳለ ነው። ያመጡት ሰው የዳንግላ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ልጅ ሳለን ከሱቃቸው ደጃፍ እየተጫወትን ያስቸገርናቸው ሽማግሌ። ለንግድ በመጡ ቁጥር ሳይጠይቁኝ አያልፉም። ያን ቀን የሰጠኋቸውን ውሃ ሳይጠጡ በእጃቸው ይዘውት ቆዩ።

«የአባትሽ የአክስት ልጅ ታሟል።»

«እግዜር ይማረው።»

«መትረፉን እንጃ፤ ግን ወዳንቺ ልኮኛል። ማሪኝ በላት ብሏል።»

«ምን በድሎኝ ነው የምምረው?»

ብርጭቆውን መሬት አስቀመጡ። «ያኔ ደወሉ የወደቀ ጊዜ፣ የመኪናዋን የኋላ ጥርስ የቀየርኩት እኔ ነኝ ይላል። ለንስሐ አባቱ ቢናዘዝ፣ የሟቹ ልጅ ይቅር ሳትልህ አትቆርብም አሉት።»

ሽንብራው ከእጄ ተበተነ ብል ውሸት ነው። ነቀዙን ከደህናው መለየቴን ቀጠልኩ። «ይድገሙልኝ እስቲ» አልኳቸው። ደገሙልኝ።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ከሥሩ ልናገር። ልጅ ሳለሁ ኩፍኝ ያዘኝና ለሞት ደረስኩ። አባቴ ተሳለ፤ ልጄ ከተረፈች ለደብራችን ደወል በገዛ እጄ አደርሳለሁ አለ። ደብራችን ከቆሰበር ወዲያ፣ ወደ ጥርባ በሚወስደው መንገድ፣ ቀይ ጭቃ ካለበት ዳገት አናት ላይ ናት። እስከዚያ ድረስ ምእመኑን የምትጠራው ድንጋይ በድንጋይ እያስመታች ነበር። እኔ ተረፍኩ። ደወሉም ተገዝቶ እስከ ዳንግላ መጣ። ከዚያ ወዲያ ያለው የአባቴ ፋንታ ነው፤ በቅሎ ደወሉን አትችለውም፣ ያን ዳገት እሞክራለሁ የሚል ባለመኪናም አልተገኘም።

አባቴ የጭነት በቅሎዎች የነበሩት ሰው ነው። የአክስቱ ልጅ ደግሞ ከጣሊያን መካኒክ ሥር ውሎ እጁን ያፍታታ ነው። ሁለቱ ተሻርከው፣ ጣሊያን ጥሏቸው የሄደ ሁለት አሮጌ መኪኖች ገዙ፤ አንደኛዋ የጭነት፣ ሌላይቱ የሰው። ከሁለቱ አንድ ሊሠሩ ግቢያችን ውስጥ በተኗቸው።

ጠቡ የተነሣው ከሚሠሯት መኪና ኋላ ነው። በኋላ ጎማዎቿ መካከል ያለውን ሆዳም ብረት ዲፈረንሻል ይሉታል። በውስጡ አንድ ትንሽና አንድ ትልቅ ባለጥርስ ብረት ተናክሰው ይዞራሉ። ከጭነቷ መኪና የወጣው ጥርስ ትንሹ ብዙ ዞሮ ጎማውን አንዴ የሚያዞር ነው፤ ቀርፋፋ ነው፣ ግን ይጎትታል። ከሰው መኪናዋ የወጣው ሜዳ ላይ ይከንፋል፣ ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። የብረቱ ሆድ ሁለቱንም ይቀበላል።

«በቀርፋፋው ከገጠምናት ጋሪ ይቀድመናል» አለ የአክስቱ ልጅ። «የዳንግላ ጋሪ ነጂ ሁሉ፣ ገመድ እናቀብላችሁ ወይ እያለ ሊያላግጥብን ነው።»

«ያላግጥ። በቅሎ ዳገት ስትወጣ እርምጃዋን ታሳጥራለች ወይስ ታስረዝማለች?»

«መኪና በቅሎ ናት እንዴ?»

«አይደለችም። ዳገቱ ግን ያው ዳገት ነው።»

ስለ ጎማውም እንዲሁ ተከራከሩ። የአክስቱ ልጅ የወደደው ረዣዥሞቹንና ለስላሶቹን ነው። «አንዴ ሲዞሩ ስንቱን መንገድ ይበላሉ መሰለህ!»

«መንገዱን መብላቱ ይቅርብኝና ጭቃውን ቆንጥጠው ይያዙልኝ» አለ አባቴ። ረዥም ጎማ መግጠም ቀርፋፋውን ጥርስ መልሶ ማፍጠን እንደሆነ ገብቶታል። አጫጭሮቹን፣ ጎድጓዳ ጥርስ ያላቸውን መረጠ። የአክስቱ ልጅ በአገውኛ አንድ ነገር አጉረመረመ፤ አባቴ ሳቀና ክሪኩን አቀበለው።

ደወሉን ከመጫናቸው በፊት ድንች በጆንያ ሞልተው ሞከሯት። እኔም ከጆንያው ላይ ተቀምጬ ነበር። እንደ ሽማግሌ እያቃሰተች፣ ግን አንዴም ሳትቆም፣ ያን ዳገት ወጣች። አናቱ ላይ ስንደርስ አባቴ ወርዶ የፊት መብራቷን በነጠላው ጫፍ ጠረገላት። ከዚያ ለስለቱ ሊዘጋጅ ደብሩ ቅጥር ውስጥ ሱባኤ ገባ። መኪናዋ ከአክስቱ ልጅ ጋር ዳንግላ ተመለሰች።

እንግዲህ ያኔ ነው ጥርሱን የቀየረው። ጎማውን አልነካም፤ ጎማ ቢቀየር ሰው ያያል። ሆዷን ከፍቶ ቀርፋፋውን አወጣ፣ ፈጣኑን አስገባ፣ መልሶ ዘጋው። የብረት ሆድ ውስጥ ያለውን ማን ያያል?

በንግሡ ቀን ሕዝቡ ዳገቱን ግራና ቀኝ ሞልቶት ነበር። አባቴ ጫማውን አውልቆ ከፊት ይሄዳል። የአክስቱ ልጅ ይነዳል። ከዳገቱ እኩሌታ ስትደርስ ሞተሯ ተንቀጠቀጠና ጠፋ። አስነሣት፤ የተቃጠለ ነገር ሸተተን፤ እንደገና ጠፋች። ከዚያ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ሕዝቡ እየጮኸ ተበተነ። ገመዱ ተበጠሰና ደወሉ ቦይ ውስጥ ወደቀ።

አንድ ሰው «ስለቱ አልሰመረም!» አለ። ከዚያ ሁሉም አለው። አልፈርድባቸውም፤ ያችው መኪና ያንኑ ዳገት ድንች ጭና ወጥታለች። ለድንች ወጥታ ለደወል ከቆመች፣ ያቆማት ከላይ ነው እንጂ ማን ነው ሊሉ? እኛ ማሽን ሲቆም ማሽኑን ሳይሆን የባለቤቱን ነፍስ የምንመረምር ሰዎች ነን።

የአክስቱ ልጅ ከመኪናዋ ወረደ። ባርኔጣውን አውልቆ፣ ሁሉም እንዲሰማው አድርጎ፣ «እኔ የምችለውን አድርጌያለሁ። ከላይ ሲዘጋ ምን ይደረጋል?» አለ።

ደወሉን ጎልማሶች በወራንታ፣ በትከሻ በሚነሣ የሸክም እንጨት፣ ተሸክመው አደረሱት። አባቴ እንዳይነካው ተከለከለ።

ከዚያ በኋላ «እጄ የነካው አይባረክም» ብሎ ከመኪናዋ ድርሻውን ለቀቀ። የአክስቱ ልጅ ረዣዥሞቹን ጎማዎች ገጥሞ ከዳንግላ ባሕር ዳር ሰው ያመላልስባት ጀመር። ፍጥነቷን ያላደነቀ አልነበረም። ያቺ ቀርፋፋ መኪና ይህን ሩጫ ከየት አመጣችው ብሎ የጠየቀ ግን አንድ ሰው የለም። እሱ በለጸገ። አባቴ እስኪሞት ድረስ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሞ አስቀደሰ፤ ወደ ውስጥ አልዘለቀም፣ አልቆረበም። የንስሐ አባቱ ኃጢአትህ ምንድን ነው እያሉ ይጠይቁታል። እናቴን አንድ ቀን «ምን እንደበደልኩ ባውቅ እኮ እናዘዝ ነበር» ሲላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እኔንም አገሬው «ስለቷ የወደቀባት» አለኝ። ለጋብቻ የሚጠይቀኝ ቤት ጠፋ። በመጨረሻ ሳያውቀኝ ላገባኝ የባቡር ሠራተኛ ተሰጥቼ ወደዚህ ሐሩር መጣሁ። ባሌ ደግ ነው፤ በዚህ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። አባቴ ሲሞት ግን አልደረስኩም።

ነጋዴው መልሴን ይጠብቃሉ።

«ሰውየው እኮ እየሞተ ነው ልጄ።»

«አባቴም ሞቷል።»

«አላህ ይቅር ባይ ነው።»

«ነው እንጂ። እሱን መቼ ከለከልኩት?»

«ታዲያ ምን ብላለች ልበለው?»

«በቃሬዛ አሸክሞ ይሂድ። በንግሥ ቀን፣ አባቴ ይቆምበት ከነበረው ደጅ ላይ ያስተኙት። ለቄስ ጆሮ የተናገረውን ለሕዝቡ ጆሮ ይናገር። ያን ጊዜ እምረዋለሁ።»

«ድምፁ ደክሟል፤ ማን ይሰማዋል?»

«ከላይ ሲዘጋ ሲል አልደከመም ነበር።»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። አልተቆጡኝም፤ «እኔም ያን ቀን ከዳገቱ ሥር ነበርኩ» ብቻ አሉና ተነሡ።

የእኔም ንስሐ አባት ይገሥጹኛል። አቡነ ዘበሰማያት ስደግም በደልን ይቅር ስለማለት ከሚናገረው ስደርስ ሳልለው አልፋለሁ። ይህ ኃጢአት መሆኑን አውቃለሁ፤ በየጊዜው እናዘዘዋለሁ። ግን አልዋሽም። ያ ሰው በጓዳ ይቅርታ ተቀብሎ፣ ቆርቦ፣ በክብር እንዲቀበርና አባቴ እግዚአብሔር የናቀው ሰው ተብሎ እንዲቀር አልፈቅድም። የአባቴን ስለት እግዚአብሔር ይቀበለው አይቀበለው አላውቅም፤ እሱ ያውቃል። መኪናዋን ያቆማት ግን እሱ አይደለም።

ስለዚህ ያን ቀን ዳገቱ ላይ የነበራችሁ፣ ደወሉን በወራንታ የተሸከማችሁ፣ «አልሰመረም» ያላችሁም ዝም ያላችሁም፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። እሱ ይናገር አይናገር አላውቅም፤ እኔም ሩቅ ነኝ። እናንተ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ቁሙና የሆነውን ተናገሩ፤ የአባቴን ስም ከነክርስትና ስሙ ጠርታችሁ፣ በደል አልተገኘበትም በሉ። ከዚያም ወደ ሰውየው ቤት ሂዱና አልጋው አጠገብ ድገሙት። ቶሎ ሂዱ። በሕይወት ሳለ፣ ጆሮው ሳይደፈን ይስማችሁ።