ከዛፍ የወደቀችው ነጭ ግልገል

ቅዳሜ ንጋት 12 ሰዓት፣ ደብረ ታቦር

የመናኸሪያው ብርድ ጣት ይቆርጣል፤ እኔ ግን ከደስታ ብዛት እንቅልፍ ሳይወስደኝ ነው ያነጋሁት። የባዮሎጂ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ጉሬዛን የማውቀው በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ ነው። ዛሬ ከክፍል ጓደኛዬ ከሙሉቀን ጋር ጣራ ገዳም ጫካ ሄደን የጉሬዛን ባህሪ ልንመዘግብ ነው።

«ወረታ! ሁለት ሰው የቀረው!» ይላል ሹፌሩ። ሁለቱ ሰዎች እኛ ነን።

2 ሰዓት፣ ወረታ

ቁልቁለቱ ሲያልቅ ጋቢዬን ገፈፍኩ፤ ሙቀት! የፎገራ ሜዳ፣ የበሰለ ሩዝ፣ የላም መንጋ፣ በላሞቹ እግር ሥር ነጫጭ ወፎች።

«እያቸው! ላሟ ስትረግጥ የሚነሳውን አንበጣ ይለቅማሉ» አለ ሙሉቀን። ወፉ ይጠግባል፤ ላሟ ምኗም አይጎድል። በሩዝ እንጀራ ሽሮ በልተን ወደ አዲስ ዘመን ከተማ የሚሄድ መኪና ያዝን።

4 ሰዓት፣ ጣራ ገዳም

ዳገቱን ስንጨርስ ጫካውን የሚጠብቁት መነኩሴ አባ ወልደ ሰንበት ተቀበሉን።

«አባ፣ ጉሬዛና ጦጣ እዚህ አብረው ይኖራሉ?» አልኳቸው።

«ይኖራሉ፣ ልጄ። ጉሬዛ ቅጠሉን፣ ጦጣ ፍሬውን። ማዕዳቸው ስለተለየ ብዙም አይጣሉም።»

መምህራችን ሁለት ክፍለ ጊዜ የፈጀበትን ነገር በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት! ሙሉቀን ሳቀ፤ እኔ ጻፍኩ።

5 ሰዓት፣ ከገዳሙ በታች

አባ እየመሩን ጉሬዛዎቹን አገኘናቸው! ስምንት ናቸው፤ በጥቁር ገላቸው ላይ ነጭ ካባ የደረቡ ይመስላሉ። አንዲት ግልገል ግን ከራሷ እስከ ጭራዋ ነጭ ናት፤ ጉሬዛ ሲወለድ እንዲህ ነው። እናቲቱ ቅጠል ስትበላ ሌላ ወጣት ሴት ጉሬዛ ግልገሏን ተቀብላ አቀፈች።

«እናቷን ልታሳርፋት ነው» አሉ አባ።

ወዲያው ከላይ ትልቅ ንስር አለፈ። ወንዱ ጉሬዛ አገሳ፤ ሁሉም በአንዴ ዘለሉ። ግልገሏ ከወጣቷ እጅ አምልጣ ቁጥቋጦ ላይ፣ ከዚያም መሬት ላይ ወደቀች፤ ከእኛ አሥር እርምጃ ብትርቅ ነው። ጮኸች።

ሳላስበው ተነሳሁ።

«ተይ፣ ልጄ! አትንኪያት!» አሉ አባ።

«አባ፣ ንስሩ ይወስዳታል እኮ!»

«እስቲ እናቷን እያት።»

ቀና አልኩ። እናቲቱ ታችኛው ቅርንጫፍ ላይ ደርሳለች። አንድ እርምጃ ስራመድ ወደ ላይ ሸሸች፤ ስቆም ተመለሰች። የምትፈራው እኔን ነበር!

ሦስታችንም ጎንበስ ብለን ወደ ኋላ አፈገፈግን፤ ከአንድ ትልቅ ዋንዛ ጀርባ ተቀመጥን። የግልገሏ ድምፅ እየደከመ ሄደ፤ ጭራሽ ጠፋ። እንባዬ መጣ። ሙሉቀን እንኳ መጻፉን ትቶ ነበር።

ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ እናቲቱ ዱብ አለች። በሁለት ዝላይ ደረሰች፤ ግልገሏን ወደ ደረቷ ሳበች። ትንንሾቹ እጆች ፀጉሯን ጭምድድ አድርገው ሲይዙ አየሁ! ከዚያ ሽው፤ ዛፉ ላይ።

«ተመስገን» አሉ አባ፤ እሳቸውም ትንፋሻቸውን ይዘው ኖሯል።

9 ሰዓት፣ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር

ዳገቱን ስንያያዝ አላስችል ብሎኝ አጠገቤ ለተቀመጠው ሰው ማውራት ጀመርኩ። ሚኒባሱ በሙሉ ጆሮውን ሰጠኝ፤ ሹፌሩ ሙዚቃውን ቀነሰ። ልጅ ታቅፋ ከፊት የተቀመጠች ሴት ዞረች።

«እና እናትየዋ ወረደች?»

«ወረደች!»

«እሰይ!» አለ መኪናው። አንዲት አሮጊት እልልታቸውን አቀለጡት።

«ግን እኮ ያዘገየኋት እኔ ነኝ» አልኩ፤ ይህንን መናገሩ ከበደኝ።

ሴትየዋ ልጇን ወደ ላይ ከፍ አድርጋ አስተካከለችና ትንሽ አሰበች።

«አውቀሽ መራቅሽስ?» አለችኝ። «ስትርቂላት አይታ እኮ ነው የወረደችው።»

ደብረ ታቦር ብርዱን ይዞ ተቀበለን፤ እኔ ግን ጋቢዬን መልበስ ረስቼ እስከ ቤቴ በእግሬ ሄድኩ።