ብኸይታና የደርቡሹ ጂባ

ብኸይታ የስፌት መኪና መርገጥ የተማረችው ከባሏ ከኦመር ነው። ኦመር ልብስ ሰፊ ነበር። እንግሊዞች የሱዳኗን ኦምዱርማን ከደርቡሾች ከያዙ በኋላ እዚያው ከተማ ለአንድ ግሪክ ነጋዴ ሁለት ዓመት ሰፍቶ፣ በድካሙ ምትክ አንዲት ያረጀች መኪና ተቀበለና ወደ አገሩ ተመለሰ። አናቷን በአንድ አህያ፣ የብረት እግሮቿንና መርገጫዋን በሌላ አህያ ጭኖ፣ ከአሶሳ በስተምዕራብ የግማሽ ቀን መንገድ ወደምትርቀው መንደሩ ሲገባ ልጆቹ ጠመንጃ የሚሠራባት መስሏቸው ሸሹ።

ስድስት ወር እንኳ አልሰፋባትም። ክረምት ሲገባ ንዳድ ያዘውና በአምስተኛው ቀን ሞተ። ለብኸይታ የቀሯት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጇ ኸድራ፣ መኪናዋ፣ ኦመር ያጠራቀመው አንድ ጆንያ ቁርጥራጭ ጨርቅና ሁለቱ አህዮች ነበሩ።

በዚያ ዘመን አዲስ ልብስ የሚያሰፋ ሰው በመንደሩ አልነበረም። ስለዚህ ብኸይታ ድሪቶ መስፋት ጀመረች። ጎረቤት ሊጥለው የደረሰውን ጀለቢያ፣ የአቡጀዲ ቅዳጅ፣ የተበላ የኩታ ጫፍ ያመጣላታል። እሷ በመዳፏ ልክ ትቆርጠውና ቁራሹን ከቁራሽ ታጋጥማለች፤ ከሥሩ አሮጌ ጆንያ ታነጥፋለች፣ በመካከል ጥጥ ትበትናለች፣ ከዚያ ዳር እስከ ዳር በመኪናዋ ትወርድበታለች። ለአንድ ድሪቶ አንድ ቁና ማሽላ ያመጡላታል። እናትና ልጅ በዚያ ይኖሩ ነበር።

ችግሩ የመኪናዋ ድምፅ ነበር። ቤቱ የቀርከሃ ስለሆነ መርገጫው ሲወርድና ሲነሣ ግድግዳው ሁሉ አብሮ ይንቀጠቀጣል። ብኸይታ ስትሰፋ ከደጅ የሚመጣ ነገር አይሰማትም። እዚያ መንደር ደግሞ አለመስማት ማለት ልጅን ማጣት ነው። አሶሳ የሰፈሩት የንጉሠ ነገሥቱ ወታደሮች ግብር ሊሰበስቡ ይመጣሉ፤ እነሱን ተከትለው፣ አንዳንዴም ቀድመዋቸው፣ ሰው እየፈነገሉ ለባርነት የሚሸጡ ፈረሰኞች ይመጣሉ። ባለፈው በጋ የጎረቤቷን የሰዕዲያን ሁለት ሴቶች ልጆች ከውኃ መቅጃው ወስደዋቸዋል። ሰዕዲያ ኮቴውን ሰምታ ነበር፤ ግን ከብት መስሏት ነበር።

ስለዚህ ብኸይታ አሥር ጊዜ ረግጣ ታቆማለች። መዘውሩን በእጇ ይዛ፣ አንገቷን ወደ በሩ አዙራ ታዳምጣለች። ወፍ ከጮኸ፣ ውሻ ካልጮኸ፣ እንደገና አሥር ጊዜ ትረግጣለች። ኸድራ በበኩሏ ከቤቱ በላይ ካለው ቋጥኝ ላይ ተቀምጣ የአሶሳን መንገድ ትጠብቃለች። አንድ ድሪቶ አሥራ አምስት ቀን የሚፈጅባት በዚህ ምክንያት ነበር።

አንድ ጠዋት ኸድራ ከቋጥኙ ወርዳ፣ “እማ፣ አንድ ሰው በቀርከሃው ውስጥ ይመጣል፤ በመንገዱ አይደለም” አለቻት። ብኸይታ መቀሷን አንሥታ በሩ ላይ ቆመች። የመጣው የኦመር ታናሽ ወንድም ማህጁብ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ አላየችውም። ፊቱ አጥንት ብቻ ሆኗል፤ ከላይ የለበሰው የፍየል ቆዳ ነው። ገብቶ ሲቀመጥ ቆዳውን ገለጥ አደረገው።

ከሥሩ ጂባ ለብሷል፤ የደርቡሾችን ልብስ። ነጭ ሆኖ ደረቱና ጎኑ ላይ በጥቁር፣ በሰማያዊና በቀይ ጨርቅ የተጣፈ ነው። ደርቡሾች ከጠፉ ዓመታት ቢያልፉም የተበተኑት አሁንም በየተራራው አሉ እየተባለ ወታደሮቹ ያድኗቸዋል። ጂባ የተገኘበት ቤት ይቃጠላል፤ ሰዎቹም ይወሰዳሉ።

“ኸድራን ልታስወስድብኝ ነው የመጣኸው?” አለችው።

“የወንድሜ ሚስት፣ ውኃ ስጪኝና ልናገር።”

ውኃ ሰጠችው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገራት። ጂባዋ የእሱ አይደለችም። የታላቅ ወንድማቸው የዐወድ ናት። ዐወድ በከረሪ ጦርነት ከእንግሊዞች ጋር ሲዋጋ ሲሞት የለበሳት ናት፤ ማህጁብ ከሬሳው ላይ አውልቆ እስከዚያ ቀን ድረስ ሲሸከማት ኖሯል። አሁን መሸሽ ሰልችቶታል፤ ከዳቡስ ወንዝ ማዶ ሄዶ ማረስ ይፈልጋል።

“ተራ ልብስ ስጪኝ። ይችን ግን ይዤ አላልፍም፤ ኬላ አለ።”

“እንግዲያው እናቃጥላት።”

“ከእሱ የቀረችን እሷ ብቻ ናት፤ መቃብር እንኳ የለውም። አንቺ ስፌት ታውቂያለሽ፤ ሌላ ነገር አድርጊያት። እሳት ውስጥ ግን አትክተቻት።”

ብኸይታ ኸድራን አየቻት፤ ኸድራ መሬት መሬት ታያለች። ብኸይታ ዐወድን ታስታውሰዋለች፤ በሠርጓ ቀን ታቅፎ ከአህያዋ ያወረዳት እሱ ነው። የኦመርን ጀለቢያ አውጥታ ለማህጁብ ሰጠችው። እሱም ለብሶት በመጣበት ቀርከሃ ውስጥ ገብቶ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ወሬውን የሰማ የለም።

በዚያው ቀን መጣፊያዎቹን መፍታት ጀመረች። ስድስት ጥቁር፣ ሁለት ሰማያዊ፣ አንድ ቀይ። ነጩን ጨርቅ በአመድ ውኃ ቀቅላ ለድሪቶው ገበር አደረገችው። ጥቁሮቹንና ሰማያዊዎቹን ከሌላው ቁራሽ ጋር ደባለቀቻቸው፤ አንዱን እዚህ፣ አንዱን እዚያ አራራቀቻቸው። ቀይዋ ግን አስጨነቀቻት። በመንደሩ ቀይ ጨርቅ ያለው ሰው የለም። በመጨረሻ አራት ቦታ ቆርጣ በአራቱ ማዕዘን ሸጎጠቻት። ስትሰፋም ከአሥር ርግጫ ወደ አምስት ወረደች። አምስት ትረግጣለች፣ ታዳምጣለች። አፏ ደርቆ ክሩን ማርጠብ እንኳ ያቅታት ነበር።

በሃያኛው ቀን የመጨረሻውን ጠርዝ እንደጨረሰች ኸድራ ከቋጥኙ ስትንከባለል መጣች።

“መጡ! ከወንዙም በኩል አሉ፣ እማ፤ ከሁለቱም በኩል ናቸው!”

መሸሻ አልነበረም። ብኸይታ ልጇን አንሥታ የማሽላው ጎታ ውስጥ ከተተቻት። እህሉ ከግማሽ በታች ነበር። ክዳኑን ገጠመችና የምትሸፍንበት ሌላ ነገር ስታጣ ድሪቶውን አለበሰችው። ጂባዋ ያለችበትን ድሪቶ ለዓይን እንዳሰጣችው የገባት ወታደሮቹ ደጃፏ ላይ ከቆሙ በኋላ ነው።

ቀድሞ የገባው ገላው የሚባል የወታደሮቹ አለቃ ነበር፤ ረጅም፣ ጉንፋን የያዘው፣ የተሰላቸ ሰው። ከኋላው አስተርጓሚው ሻዕባን ገባ። ሻዕባን የአገሩ ልጅ ነው፤ ከወታደሮቹ ጋር በመዋሉ ሰው ሁሉ ይፈራዋል። ገላው በቀጥታ ወደ መኪናዋ ሄደ።

“እዚህ ቤት ጥይት ይሠራል ብለውኛል። ይቺ ናት?”

ሻዕባን ተረጎመላት። ብኸይታ የምታውቃት አማርኛ ጥቂት ናት። “ጥይት የለም ጌታዬ። ልብስ ነው። ልብስ ይሰፋል” አለች።

“በይ ስፊ፣ እንይ!”

ተቀመጠች። ቁራሽ ጨርቅ ከመርፌው ሥር አስገባችና ረገጠች። እግሯ ግን እየተንቀጠቀጠ ነበርና መዘውሩ ወደፊት በመሄድ ፈንታ ወደ ኋላ ዞረ፤ ክሩ ተጠቅልሎ ጧ ብሎ ተበጠሰ። ገላው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለና እጁን ወደ ጎራዴው ላከ። ብኸይታ ክሩን ከመርፌው ቀዳዳ ልታገባ ሞከረች፤ ጣቶቿ እንቢ አሏት። ሁለተኛ ሞከረች። ሦስተኛ። 

ሻዕባን በቤርታ ቋንቋ ቀስ ብሎ፣ “መዘውሩን መጀመሪያ በእጅሽ አስጀምሪው፤ ከዚያ እግርሽ ይከተላል” አላት።

ቀና ብላ አላየችውም። እንዳላት አደረገች። ክሩ ገባ፤ መዘውሩ ወደፊት ዞረ፤ መርፌዋ ታ ታ ታ እያለች ጨርቁን ወረደችበት። ገላው ጎንበስ ብሎ ስፌቱን በጥፍሩ ሞከረው፤ አልተተረተረም። “አሃ!” አለና ሳቀ። ብኸይታም ነገሩ ያለፈ መስሏት እግሯን ከመርገጫው አነሣች። እሱ ግን ዞር ሲል ጎታውን አየ። እጁን ዘረጋና ድሪቶውን ገፈፈው።

ክዳኑ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ገላው ዓይኑ ድሪቶው ላይ ነበር። ወደ በሩ ወስዶ በብርሃን ዘረጋው።

“ይሄ ጥቁር ጨርቅ ከየት መጣ? ቀዩስ? ሻዕባን፣ ና እስቲ እየው።”

ሻዕባን ቀረበ። መዳፉን በጨርቁ ላይ እያሳለፈ ሄደና አንዷ ሰማያዊ ላይ ሲደርስ ቆመ። በዚያች ቁራሽ ዙሪያ የቀድሞው የእጅ ስፌት ያስቀራቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነበሩ። አውራ ጣቱ በቀዳዳዎቹ ላይ ዞረ። ብኸይታ አየችው፤ ማወቁንም አወቀች። መኪናዋን ተደገፈች።

“ድሪቶ ነው ጌታዬ” አለ ሻዕባን በአማርኛ። “ድሃ ከየሰው ቅዳጅ ለቅሞ የሚሰፋው ነው። ለብርድ ይሆናል።”

“ለብርድ ከሆነማ የእኔ ነው” አለ ገላው። አጣጥፎ ትከሻው ላይ ጣለውና እያስነጠሰ ወጣ። ሻዕባን ተከተለው። ደፉን ሲሻገር ግን ከጎታው ውስጥ እህል ሲንሸራተት ተሰማ። ዞር ብሎ ጎታውን አየ፣ ከዚያ ብኸይታን አየ፤ ምንም ሳይናገር ሄደ።

ኸድራን ስታወጣት ልጅቷ ሳሏን ለማፈን የነከሰችው እጇ ደም በደም ሆኗል።

ከዚያ በኋላ የመጡት ቀናት ከዚያች ቀን የባሱ ነበሩ። ሻዕባን ሁለቱንም ያውቃል፤ ጂባውንም ልጅቷንም። ለምን ዝም አለ? ብኸይታ ይህን ከማሰብ በቀር ሥራ አልነበራትም። ብትሸሽ ጥፋቷን ራሷ መመስከሯ ነው፤ ብትቀመጥ ደግሞ መጥተው ይወስዷታል። ገንፎ ሠርታ ሳትቀምሰው ይቀዘቅዛል። ሰዕዲያ እየመጣች አጠገቧ ተቀምጣ ማሽላዋን ትለቅምላትና ትሄዳለች።

በዘጠነኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሻዕባን ብቻውን፣ በእግሩ መጣ። ብብቱ ሥር ጥቅል ይዟል። ብኸይታ ኸድራን በጓሮ ወደ ቀርከሃው ላከችና መቀሷን በነጠላዋ ሥር ደበቀች።

“የኸድራ እናት፣ ልግባ?”

“የመጣህበትን ተናገር።”

ገባና በሩን ዘጋ። ያን ጊዜ መቀሷን አጥብቃ ጨበጠች። እሱ ግን መሬት ላይ ተቀመጠና ጥቅሉን ፈታ። ጂባ ነበር። በአፈር የቆሸሸ፣ በጥቁርና በሰማያዊ የተጣፈ።

“የእኔ ናት” አለ። “ደርቡሾች እዚህ በነበሩ ጊዜ በግድ አለበሱኝ። ሲሄዱ ቤቴ ውስጥ ቀበርኳት። ምስጥ በልቷት ይሆናል ብዬ በየዓመቱ ስቆፍር ደህና ሆና አገኛታለሁ። ሦስት ጊዜ ላቃጥላት እሳት አንድጄ፣ ሦስቱንም ጊዜ ሰው ገባብኝ። ወታደሮቹ አስተርጓሚያቸው ይህን እንደቀበረ ቢያውቁ የምሰቀልበትን ዛፍ እኔው ራሴ ነኝ የማሳያቸው።”

 ብኸይታ ትልቁን ሰውዬ አየችው፤ ላቡ ከግንባሩ እየወረደ ጢሙ ውስጥ ይገባል።

“ልጄን አይተሃል” አለችው።

“አላየሁም።”

“ጎታውን አይተሃል።”

“ጎታ አይቻለሁ። ማሽላ አለው።”

መቀሷን ከነጠላዋ ሥር አወጣች። ሻዕባን መቀሱን አየና ጂባውን ወደ እሷ ገፋላት። ብኸይታ ጂባውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ የመጀመሪያውን መጣፊያ መተርተር ጀመረች። ሻዕባን ደግሞ በሩ ሥር ተቀምጦ በስንጥቁ መንገዱን ይጠብቅ ነበር።

“አለቃው ድሪቶውን ወዶታል” አላት በመካከሉ። “ለሚስቱ ሌላ ይፈልጋል። ከዚችው ስፊለት፤ ማንም አይጠረጥርም።”

“የመጀመሪያው እጁ የገባው ሳላስበው ነው” አለች ብኸይታ። “አስቤ አላደርገውም። የእሱን ከንጹሕ ቁራሽ እሰፋለሁ። ያንተን አንተው ልበሳት።”

ሁለቱንም ሰፋች፤ ሻዕባንም መጥቶ ወሰዳቸው። ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሏት ነበር። ወር ሳይሞላ ግን አንድ የማታውቀው ሽማግሌ የራሱን ጂባ ጠቅልሎ ይዞ መጣ። ሻዕባን ነው የላከኝ አላት። ከእሱ በኋላ ሌላ መጣ። ለሁለቱም ሰፋችላቸው፤ እምቢ ብትላቸው ወዴት ይሄዳሉ? እያንዳንዱ ሲወጣ ግን አንድ ተጨማሪ አፍ ምስጢሯን ይዞ እንደወጣ ታውቃለች። ሦስተኛው የመጣ ለት ኸድራ ቋጥኙ ላይ ሆና ኮቴውን ስትሰማ ራሷን ስታ ወደቀች። ብኸይታ ልጇን ይዛ ለመሄድ የቆረጠችው ያን ቀን ነው።

ማሽላው እንደታጨደ መኪናዋን ፈታታ በሁለቱ አህዮች ጫነቻት። ባምባሲ የምትኖር አክስት አለቻት። ለሻዕባን ስትነግረው፣ “ኬላው ላይ እኔ እቆማለሁ” አላት። ቆመም። ጠባቂዎቹ ብረቱን ሲያዩ ተሰብስበው ማጠያየቅ ጀመሩ። ኸድራ የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ፊቷን አመድ ተቀብታ የአህያውን ገመድ እንደያዘች ቆመች። ሻዕባን፣ “የአለቃው ሚስት ድሪቶ የሚሰፋባት ናት፤ እንዳትሰብሯት!” ብሎ ጮኸባቸው። መንገዱን ለቀቁላቸው። ብኸይታ ልታመሰግነው ዞር ስትል እሱ ጀርባውን ሰጥቷት ከወታደሮቹ ጋር ይሳሳቅ ነበር።

ሁለት ቀን ተጓዙ። በየመታጠፊያው ይቆማሉ፣ ፈረስ የሚመስል ነገር ሲሰሙ አህዮቹን ወደ ጫካ ያስገባሉ። ባምባሲ የደረሱት ረፋድ ላይ ነው። አክስቷ ጎርፍ የመሰለ ላባቸውን አይታ ሳትጠይቅ ምንጣፍ ዘረጋችላቸው። ብኸይታ ጫማዋን ሳታወልቅ ጋደም አለች። ደጅ ውሻ ይጮኻል፣ ሰው ይጣራል፣ ከብት ያልፋል። እሷ ግን እስከ ማግስቱ ቀትር ተኛች።