ከመርዶው በፊት ያለቀሰችው እናት

ስለዚያ የሥዕል መጽሐፍ ከጻፍኩት ሂስ ሰው ሁሉ የያዘው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «በዚህ ታሪክ ውስጥ እናትየዋ አስቀድማ ታለቅሳለች፤ መርዶው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።» ጽፌ ስጨርስ ለብቻዬ ስቄያለሁ። ወልድያ ሥነ ጽሑፍ አስተምራለሁ፤ በማኅበራዊ ሚዲያ ገጼ ላይ ደግሞ መጻሕፍትን እተቻለሁ። አንባቢዎቼ የሚወዱልኝም ምላሴን ነው። በማግስቱ ባልደረቦቼ ሻይ ቤት ቁጭ ብለው ያቺን ዓረፍተ ነገር በቃላቸው ሲወጧት፣ ያልሰማሁ መስዬ አዳመጥኩና ደስ አለኝ።

መጽሐፉ ቃል የለውም። ሥዕል ብቻ ነው፤ በየገጹ ሦስት አራት ሥዕል በአንድ መስመር ተደርድሯል። የሣለችው መርሳ የምታስተምር ወጣት መምህርት ናት። ፎቶ ኮፒ ቤት አባዝታ፣ በስቴፕለር አስመትታ፣ አንዱን ቅጂ በሰው እጅ ላከችልኝ። ታሪኩ ልጇ በባሕር ወደ ዓረብ አገር ስለሄደባት እናት ነው። የገጾቹ ቅደም ተከተል ደህና ነበር፤ በየገጹ ውስጥ ያለው ግን አልያዝልህ አለኝ። በአንዱ ገጽ ጀሪካኑ ይደፋል፣ ከዚያ ይሞላል። በሌላው ልጁ መንገድ ላይ ነው፣ ከዚያ እናቱን ይሰናበታል። ሠዓሊዋ ታሪክ ማስኬድ አትችልም ብዬ ፈረድኩ። መጽሐፉን ዓይቶት የማያውቅ ሁሉ ሂሴን ተቀባበለው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሠዓሊዋ ራሷ ደወለችልኝ። ትምህርት ቤታቸው የንባብ ቀን አዘጋጅቷል። «መምህር፣ መጥተው ቢናገሩልን» አለችኝ። ልትወቅሰኝ መስሎኝ ነበር፤ ድምጿ ላይ ግን ቅያሜ አልነበረም። ስሪንቃን አልፈን መርሳ እስክንገባ ድረስ ሚኒባስ ውስጥ ንግግሬን ሳሳምር ቆየሁ።

ክፍሉ በተማሪዎችና በወላጆች ሞልቷል። ርዕሰ መምህሩ «ግራና ከተማ ካለ ቁርዓን ቤት ተነስታ እዚህ የደረሰች ልጃችን» ብሎ አስተዋወቃት። እሷም ተነስታ፣ አንገቷን ደፍታ ተናገረች።

«መምህር የጻፉት ልክ ነው። ታሪክ ማቀናጀት አልችልበትም። ሁለተኛውን መጽሐፍ ጀምሬው ነበር፤ ትቼዋለሁ። ስላረሙኝ አመሰግናለሁ።»

እኔ እንደ ትልቅ ሰው ራሴን ነቀነቅኩ። ያንን መነቅነቄን ባስታወስኩ ቁጥር ፊቴ ይግላል።

ተማሪዎቹ ግን «ቲቸር፣ ይሣሉልን!» እያሉ አስቸገሯት። ጠመኔ አንስታ ወደ ሰሌዳው ሄደች፤ የመጀመሪያውን ሥዕል ከቀኝ ጥግ ጀመረች። ዘር የሚዘራ ገበሬ። ወደ ግራ አለፈች፤ ዝናብ። አሁንም ወደ ግራ፤ ያፈራ ማሽላ።

ክው አልኩ። ቦርሳዬ ውስጥ የነበረውን መጽሐፍ ከፍቼ የመርዶውን ገጽ ከቀኝ ወደ ግራ ተመለከትኩት። ሽማግሌዎች በር ላይ ቆመዋል፤ አንደኛው ጎንበስ ብሎ ይናገራል፤ ከዚያ እናትየዋ ሻሿን ፊቷ ላይ ስባ ታለቅሳለች። ምንም የተምታታ ነገር የለም። ልጅቱ ፊደል ከመቁጠሯ በፊት የቀራችው ከቀኝ ወደ ግራ የሚነበበውን ቁርዓን ነው፤ ቃል በሌለበት ደግሞ እጇ የሚያውቀውን መንገድ ይሄዳል። እዚሁ ወሎ ተወልጄ፣ ከቁርዓን ቤት አጥር ሥር ተጫውቼ ያደግኩ ሰው ይህን ለአንዲት ደቂቃ አላሰብኩም። ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ ይሏል እኔን ነው።

ተራዬ ደረሰ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ያዘጋጀሁትን መደስኮር እችል ነበር፤ አፌ ግን እምቢ አለኝ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ። «መጽሐፉ አልተምታታም። የተምታታሁት እኔ ነኝ፤ በተሳሳተ በኩል ነው ያነበብኩት።»

ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። አንድ ሽማግሌ ተነስተው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። «ማሻ አላህ! የተማረ ሰው እንዲህ ራሱን ዝቅ ሲያደርግ ነው የሚያምርበት። አላህ ዕውቀት ይጨምርልህ!»

«ኧረ አባቴ፣ እውነቴን ነው» ብል ጭብጨባው ባሰበት።

እሷ ብቻ አላጨበጨበችም። መጽሐፉን ገልጣ፣ ጣቷን በግራ በኩል አሳርፋ ወደ ቀኝ ስትሄድበት አየኋት። የገዛ ሥራዋን እኔ ባነበብኩበት በኩል ታነበው ነበር።

ደጅ ላይ ጠብቄ «ይቅርታ፣ አፉ በይኝ» አልኳት።

«አፉ ብያለሁ» አለች ቶሎ ብላ። ሐሳቧ ግን ሌላ ቦታ ነበር። «ቃል ያላስገባሁበት ለእናቴ ብዬ ነው፤ ማንበብ አትችልም። በባሕሩ የቀረው ወንድሜ ነው። መጽሐፉን ግራና ወሰድኩላት። በጣቷ እየተከተለች የመርዶዋ ገጽ ላይ ስትደርስ ‹እኔ ነኝ› ብላ አለቀሰች። ከዚያ የእርስዎ ጽሑፍ ወጣ። ‹የተማሩ ሰዎች አይተውት የተምታታ ነው ብለዋል› አልኳት።»

«እሷስ ምን አለች?»

«‹እኔ መሃይም፣ የገባኝ መስሎኝ ነበር እኮ› አለች። መጽሐፉንም መለሰችልኝ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። «ግራና ውሰጂኝ» አልኳት፤ «እኔው ራሴ ልንገራት።»

ወደ ክፍሉ ዞር ብላ አየች። ሰዎቹ ስለ ትሕትናዬ እያወሩ ይወጡ ነበር።

«ይምጡ» አለችኝ። «ትመርቅዎታለች። የምታምንዎት ግን አይመስለኝም።»