የተላጨው አብራሪ

አባታችን የተገደለው በእርሻ ድንበር ጠብ ነው። ገዳዩ ቆላ ወርዶ ሸፈተ። ታናሽ ወንድሙና ዘመዶቹ ግን እዚያው ጋይንት፣ ከእኛ ቤት ማዶ ይኖሩ ነበር። እኔ ያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ በአገር ውስጥ መስመር፣ ሣር ሜዳ ላይ የምታርፍ ትንሽ አውሮፕላን ያበር ነበር።

ለተዝካሩ ሁለት ሳምንት ፈቃድ ወስዶ ከሥራ ባልደረባው ጋር መጣ። ከደብረ ታቦር በበቅሎ ሁለት ቀን ተጉዘው ነው የደረሱት። ሲመለሱ አዲስ አበባ ላይ ፈተና ይጠብቃቸዋል፤ ያለፈ ባሕር ማዶ ወደሚበረው ጄት ይዛወራል። ወንድሜ ከልጅነቱ ጀምሮ ሌላ ነገር ተመኝቶ አያውቅም። ባልደረባው ግን ያመነታ ነበር።

«እዚሁ ሁለት ዓመት ብቆይ ካፒቴን እሆናለሁ» አለ አንድ ቀን ምሳ ላይ። «እዚያ ብሄድ ከፈረንጅ ኋላ ተቀምጬ የሞተር መለኪያ መርፌ ስቆጥር ልኖር ነው።»

«የምን ካፒቴን? የላም?» አለው ወንድሜ። «ባለፈው ለማረፍ ሦስት ጊዜ ዞረህ ከብት ስታባርር አልነበር!»

አጎታችን አልሳቁም። «የአባቱ ደም ሜዳ ላይ ፈሶ እሱ ሰማይ ያማርጣል» አሉ። «ጢሙን ያሳደገው ለጌጥ ኖሯል?»

በእኛ አገር አባቱ የተገደለበት ሰው ደሙን ሳይመልስ አይላጭም። የተላጨ እንደሆነ ገድሏል ማለት ነው። ወንድሜ ጢሙን ያሳደገው ለሐዘኑ ብቻ ነበር።

የሚሄዱበት ጠዋት «ለፈተና ሽፍታ መስዬ አልቀርብም» ብሎ ምላጭ አወጣ። ውኃ አሙቄ መስታወት ያዝኩለት። ነገሩ በልቤ ሽው ብሎብኝ ነበር። እንግዳው አጠገባችን ቆሞ ስለ ደም ማውራት አፈርኩና መስታወቱን ቀና አደረግሁለት።

ልሸኛቸው ንፋስ መውጫ ገበያ ድረስ አብሬያቸው ሄድኩ። የገዳዩ ታናሽ ወንድም ከትናንት ጀምሮ ቤቱ አልገባም ኖሯል፤ ዘመዶቹ ሲፈልጉት አድረዋል። ይህን እኛ አላወቅንም። እህል ተራው ጋ ከእነሱ ዘመዶች አንዲት ሴት የወንድሜን ፊት አይታ ጮኸች።

«ተላጭቷል! ልጃችንን በልቶታል!»

የመጀመሪያው ዱላ ጀርባው ላይ አረፈ። ዞሮ ሊናገር አፉን ሲከፍት ሁለተኛው ጥርሱን አረገፈው። ሲወድቅ የጠፋው ሰው ዘመዶች በእግርም በድንጋይም ተረባረቡበት። ባልደረባው አንዱን አንገቱን አንቆ ጣለው፤ ሌላው ክንዱን ነከሰው። ደርሼ ወንድሜ ላይ ስደፋ የአንዱ ሰውዬ ዘንግ ጫፍ ብረት በትከሻዬ አልፎ ቀኝ ዓይኑን አገኘው። ሲጮህ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

የጠፋው ሰው ከጠላ ቤት እየተንገዳገደ ወጣ። «ማን ሞተ?» ብሎ ጠየቀ። ዘንጉን የያዘው ሰውዬ ብረቱን አየት አድርጎ መሬት ላይ ተቀመጠ።

አዲስ አበባ ሆስፒታል ስንደርስ ቀኝ ዓይኑ አልቆለት ነበር። ሐኪሙ ግራው እንዲያርፍ ብሎ ሁለቱንም አሰረለት። ከዚያ በኋላ ስለ ፈተናው አንስቶ አያውቅም፤ ባልደረባው ሊጠይቀው እስከመጣበት ቀን ድረስ።

«አለፍክ?»

«ወደቅሁ።»

«ውሸታም!» አለና ራስጌው ያለውን የቆርቆሮ ኩባያ በድምፁ አቅጣጫ ወረወረው። የሰውዬው ቅንድብ ተተርትሮ ደሙ ሸሚዙ ላይ ወረደ።

«ጋሼ፣ ደማ እኮ!» አልኩ።

ወንድሜ ከአልጋው ሊወርድ አየሩን ይዳብስ ጀመር። «የቱ ጋ ነው? ዓይኑን ነው? ንገሩኝ፣ ዓይኑን ነው የመታሁት?»

«ቅንድቤን ነው።»

«ወደ ውስጥ እንዳይገባብህ ጥረገው።» እጁን አግኝቶ ያዘው። «መቼ ነው ባሕር ማዶ የምትሄዱ?»

«ሰኞ» አለ ባልደረባው።