ከየት ናችሁ ሳልላቸው

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ወሩ ሐምሌ ነበር፤ ያውም ጠብታ ያልወረደበት ሐምሌ። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣው ሐዘኑ ከብዶኝ ብቻ አይደለም። የእኛ አገር ሰው በእንቅልፍ ልቡ እንኳ የማይዘነጋውን ጥያቄ ሳልጠይቅ በመቅረቴ ነው።

የምኖረው ሀብሩ ወረዳ ውስጥ፣ ከግራና ከተማ ብዙም በማትርቅ መንደር ነው። በልጉ ቀረ፣ የተዘራው ማሽላም ሳይበቅል ቀረ። ባለቤቴ በሬዎቹን ሸጦ በአፋር በኩል ወደ ሳውዲ ሲነሳ "አባየን አደራ" ብሎኝ ሄደ። አባየ የምላቸው አባቱን ነው። ከእሱ በኋላ ጎረቤቶቻችንም አንድ በአንድ ወጡ፤ ገሚሱ መተማ፣ ገሚሱ ወልድያ ለቀን ሥራ። የወንድ ድምፅ መስማት ሲያምረን መርሳ ገበያ እንወርዳለን እያልን እንቀልድ ነበር። ማታ ግን ሁላችንም በጊዜ በራችንን እንዘጋለን።

አባየ አንድ ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ሱብሂ ሰግደው ጋደም እንዳሉ አረፉ።

ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። ሰው ሲሞት የቅሬው ጠሪ ከፍታ ላይ ወጥቶ ይጣራል፤ ከየቤቱ አንድ ወንድ ዶማ ይዞ ይወጣል፤ ሴቶች ንፍሮ ይቀቅላሉ። የዚያን ዕለትም ጎረቤቶቼ በልማድ ትልቁን ድስት ጣዱ። ማን እንደሚበላው ያሰበ የለም።

የቅሬው ዳኛ ሸህ እንድሪስ ደጄ ላይ ቆመው ባለተራ ቆፋሪዎችን በስም ጠሩ።

"ከድር!"

"ሄዷል" አለች ሚስቱ።

"ሙሄ!"

"ሄዷል።"

"ሰይድ!"

"መተማ ነው።"

የባለቤቴንም ስም ጠሩ። "ሄዷል" አልኩ። እንደሌለ ያን ጊዜ ገና የሰማሁ መሰለኝ።

እሳቸውን ጨምሮ አራት ሽማግሌዎች መቆፈር ጀመሩ። መሬቱ ዝናብ ካየ ቆይቷል፤ ዶማው እየነጠረ ይመለሳል። የቀትሩ ሶላት፣ ዙህር ሲደርስ ጉድጓዱ ከጉልበት አላለፈም። ሸህ እንድሪስ ደረታቸውን ይዘው ተቀመጡ።

"ልጄ፣ ዛሬ የምንችለው አልመሰለኝም" አሉኝ።

በዚያ ሙቀት አባየ ሳይቀበሩ ሊያድሩ ነው። እኔ አደራ የተባልኩት ለዚህ አልነበረም። ሻሼን አጠበቅኩና ወደ መኪና መንገዱ ወረድኩ።

መኪና የሚጠበቅበት ቦታ ስድስት ወንዶች ተቀምጠዋል። ሁሉም አንዳንድ ፌስታል ይዘዋል። የሚሰደድ ሰው አያያዝ አይጠፋኝም፤ ባለቤቴም እንዲያው ነበር የያዘው። ሐዘንተኛ ሴት መንገድ ወጥታ ባዕድ ወንድ መቃብር ቆፍርልኝ ስትል አይቼም ሰምቼም አላውቅም። እኔ ግን አልኩ።

"አሰላሙ አለይኩም። ቤቴ ሬሳ አለ፤ የሚቆፍር ሰው የለም።"

እርስ በርስ ተያዩ። መኪናው ካመለጣቸው መርሳ የሚጠብቃቸው ደላላም ያመልጣቸዋል። በዕድሜ የሚበልጠው፣ ጢሙ ሸበት ያለበት ሰውዬ፣ ፌስታሉን አንስቶ "መቃብሩ የት ነው?" አለኝ። ሌሎቹም ተከተሉት።

የዶማ አያያዛቸው የገበሬ ነበር። ሦስት ሦስት እየሆኑ እየተፈራረቁ ቆፈሩ፤ ከአስር ሶላት በፊት አባየ አፈር ለበሱ። ንፍሮ ቀረበላቸው። ገና ሁለቴ ሳይዘግኑ ከታች የመኪና ጡሩንባ ተሰማ፤ ሁሉም ብድግ አሉ። ሸበት ያለበት ሰውዬ ወደ እኔ ዞረ።

"እህቴ፣ እኔም አባቴን ጥዬ ነው የወጣሁ። የእኛም ቅሬ እንደናንተው ነው። ጥሪ ከሰማሽ አደራ።"

"ኢንሻአላህ" አልኩት። እየሮጡ ወረዱ።

አቧራው ሲረግብ ነው የባነንኩት። ከየት ናችሁ አላልኩም! እኛ ዘንድ ውሃ ለምኖ የሚያልፍ ሰው እንኳ ከየት እንደሆነና የማን ልጅ እንደሆነ ሳይጠየቅ አይሸኝም። አባቴን ቅበሪልኝ ያለኝን ሰው አገሩን ሳልጠይቅ ሸኘሁት።

ባለቤቴ ከወር በኋላ ደወለ፤ ማረፋቸውን ነገርኩት። "አባየን ማን ቀበራቸው?" አለኝ። መንገደኞች አልኩት። ስማቸውን ጠየቀኝ፤ አላውቅም አልኩ። ሲያለቅስ ሰማሁት።

ከዚያ ወዲህ ከየትኛውም መንደር ጥሪ ከሰማሁ ዶማዬን ይዤ እወጣለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ሸህ እንድሪስ "ሴት ልጅ መቃብር ትቆፍራለች እንዴ?" ብለው ተቆጡኝ። "ወንድ ካለ ዶማውን ይቀበለኝ" አልኳቸው። አሁን ምንም አይሉኝም። ሁለት ጊዜ የተቀበለኝ ጠፍቶ እኔው ቆፍሬያለሁ።

በሄድኩበት ሁሉ አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ቤተሰቡን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ "ሟቹ የተሰደደ ልጅ ነበራቸው?"

እስካሁን የለም ያለኝ ቤት አላጋጠመኝም።