ከፊት ለፊታችን የተከፈተችው ሱቅ

ከባለቤቴ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ የሠራነው ሥራ የፎቶ ቤታችንን መጋረጃ ማራገፍ ነበር። ፏፏቴ የተሳለበት ትልቅ ጨርቅ ነው፤ ፎቶ የሚነሳ ሰው ከፊቱ ይቆማል። ጓሮ አውጥተን እሱ አንዱን ጫፍ፣ እኔ ሌላውን ያዝን።

«ቀስ በይ፣ ውሃው እንዳይፈስብሽ» አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ልቡ ቆመ።

ሮቤ ውስጥ በዲጂታል ካሜራ ፎቶ ማንሳት የጀመረው እሱ ነው። ከዚያ በፊት ሠርግ ያለበት ሁሉ ጎባ ይሄድ ነበር፤ እዚያ በፊልም የሚያነሱ አንድ አዛውንት ነበሩ። የባለቤቴን ካሜራ ሲያዩ «ይቺ መጫወቻ ናት» ብለው ሳቁ። ብዙም ሳይቆይ ደንበኞቻቸው እኛ ዘንድ መጡ።

ከዓመታት በኋላ አንዲት የስልክ ሽፋን የምትሸጥ ልጅ ከፊት ለፊታችን ሱቅ ከፈተች። ጎን ለጎን በስልኳ ፎቶ ማንሳት ጀመረች። ምስሎቿ ይደበዝዙ ስለነበር ግድ አልሰጠንም። የኛ ደህና ደንበኞች፣ በተለይ ከደሎ መና የሚመጡት የቡና ነጋዴዎች፣ ትልቅ የሠርግ አልበም ይፈልጉ ነበር። ለእነሱ ብለን ትልቅ ማተሚያ ገዛን።

ምስሉን በስልክ አንሰጥም ነበር። ተጨማሪ ፎቶ የፈለገ ተመልሶ መጥቶ ያሳትማል፤ እንጀራችን ይኸው ነበር። አንድ ቀን ከዲንሾ የመጡ የሙሽራ እናት በራችን ላይ ቆመው ባለቤቴን ተቆጡት።

«ልጅቷ እዚያው እንደቆምኩ ስልኬ ላይ ላከችልኝ። አንተ ዘንድ ግን የገዛ ፊቴን ለማየት ሁለቴ ሚኒባስ እሳፈራለሁ!»

«የሷ እኮ መጫወቻ ነው፣ እማማ።»

«በል እኔም ልጫወትበት!» ብለው መንገዱን ተሻገሩ።

ማታ ራት አልበላም።

«የጎባው ሽማግሌ ትዝ አሉኝ» አለኝ።

«ታዲያ አንተም ምስሉን ስጣቸዋ።»

«ከሰጠኋቸው ማተሚያው ምን ይበላል?»

እያየነው ሥራው ከእጃችን ወጣ። ልቡን ያደከመው ይኸ ይሆን እላለሁ፤ ሐኪሙ እንደዚያ አላለኝም።

ለለቅሶው ፎቶ ስፈልግለት አጣሁ። ዕድሜውን ሙሉ ሌላውን ሲያነሳ የኖረ ሰው ነው። ልጅቷ እያለቀሰች ስልኳን ይዛ መጣች። በራችን ላይ ቆሞ ሲስቅ፣ ሳያውቅ አንስታዋለች። ጠርዙ የደበዘዘ ነው። በትልቁ ማተሚያ አትሜ ሰቀልኩት፤ ለቀስተኛው ሁሉ «ቁርጥ እሱን ነው» አለ።

ከአርባው በኋላ ልጅቷ ተመልሳ መጣች። «እትዬ፣ ስልካቸው ላይ ያለውን ማሳተም የሚፈልጉ ሰዎች ይመጡብኛል፤ እኔ ደግሞ ማተሚያ የለኝም» አለችኝ። ብዙ አሰብኩ። ተናደድኩም።

ፎቶ ቤቱን አከራይቻለሁ። አሁን ማተሚያውን ይዤ ገብቼ እሷ ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ ሰዎች በስልክ ያነሱትን ፎቶ አትማለሁ።